የኬለር 36 ጥያቄዎች፦ ሥልጠና የት ጋ እንደሚያነክስ የሚጠቁም መጠይቅ

ሥልጠና ሲያልቅ የሚታደለውን ቅጽ ሁሉም ያውቀዋል። አዳራሹ ምቹ ነበር? አሰልጣኙ በቂ ዝግጅት አድርጓል? በአጠቃላይ ምን ያህል ረክተዋል? ሰልጣኙ ቦርሳውን አንጠልጥሎ "በጣም ጥሩ" የሚለው ላይ ምልክት ያደርግና ይወጣል። ሪፖርቱ ያምራል፤ ሥራው ግን በነበረበት ይቀጥላል። ቅጹ የጠየቀው ስለ አዳራሹና ስለ አሰልጣኙ ነው። ሰውየው ለመማር ልቡ ተነሳስቶ ነበር ወይ፣ ካልተነሳሳስ ምን ያዘው የሚለውን ማንም አልጠየቀውም።

ይህን ለመጠየቅ ከተሠሩ መሣሪያዎች መካከል አሜሪካዊው ምሁር ጆን ኬለር ያዘጋጁት መጠይቅ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይኤምኤምኤስ ይባላል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ሊይዘው የሚገባ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ውጤት መስጫ አድርጎ የሚይዘው ሰው ይሳሳትበታል። ሐኪም "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ብሎ እንደሚጀምረው ሁሉ፣ ይህም መጠይቅ ቦታውን ይጠቁማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአዘጋጁ ነው።

መጠይቁ የቆመው አርክስ በሚባለው የኬለር ሞዴል ላይ ነው። ሞዴሉ የሰልጣኝን ተነሳሽነት በአራት ይከፍለዋል፦ ትኩረት፣ አግባብነት፣ በራስ መተማመንና እርካታ። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ጥረት የሚያደርገው ነገሩ ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምን፣ ደግሞም ብሞክረው ይሳካልኛል ብሎ ሲያምን ነው። ሁለቱ እምነቶች የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ ጥረቱ ዜሮ ነው። በአኒሜሽን ያሸበረቀ ሞጁል ሠርተው ሰልጣኙ ለምን ንቅንቅ እንዳላለ ግራ የሚገባቸው አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህችን ብዜት ነው።

ከ36ቱ ጥያቄዎች 12ቱ ትኩረትን፣ 9ኙ አግባብነትን፣ 9ኙ በራስ መተማመንን፣ 6ቱ እርካታን ይለካሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 "እውነት አይደለም" እስከ 5 "በጣም እውነት ነው" ይመለሳል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩ ከ36 እስከ 180 ይደርሳል። ኬለር ያወጡት የአስተማማኝነት ልኬት (ክሮንባክ አልፋ) ለጠቅላላው 0.96 ሲሆን፣ ለአራቱ በቅደም ተከተል 0.89፣ 0.81፣ 0.90 እና 0.92 ነው። እነዚህ ጥሩ ቁጥሮች ናቸው። ነገር ግን አልፋ የሚለው ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚስማሙ ብቻ ነው፤ ሰውየው ተምሯል ማለት አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ቆጠራው ላይ ነው፤ መጠይቁን ከሚያበላሹ ስህተቶች ሁሉ የከፋውም እዚሁ ይገኛል። ከ36ቱ 10ሩ ጥያቄዎች በግልባጭ የተጻፉ ናቸው። "አጻጻፉ አሰልቺ ነው" በሚለው ላይ 5 የሰጠ ሰው እያማረረ ነው፤ ስለዚህ ከመደመራችሁ በፊት መልሱን ከ6 መቀነስ አለባችሁ፦ 5 የነበረው 1፣ 4 የነበረው 2 ይሆናል። የሚገለበጡት 3፣ 7፣ 12፣ 15፣ 19፣ 22፣ 26፣ 29፣ 31 እና 34ኛ ጥያቄዎች ናቸው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። መዘንጋቱ ውጤቱን ወጥ በሆነ መጠን ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ ባልከፋ፤ ግን አያደርግም። ግልባጮቹ ለአራቱ ክፍሎች እኩል አልተከፋፈሉም፦ ትኩረት ውስጥ 5፣ በራስ መተማመን ውስጥ 4፣ አግባብነት ውስጥ 1፣ እርካታ ውስጥ ምንም የለም።

ይህ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። ሥልጠናውን እጅግ የወደደ ሰው አለ እንበል፤ በቀጥታ ጥያቄዎች ላይ ሁሉ 5፣ በግልባጮቹ ላይ ሁሉ 1 ሰጥቷል። በትክክል ከተቆጠረ የአራቱም ክፍሎች አማካይ 5 ነው። ግልባጩ ከተረሳ ግን ትኩረቱ 7 ጥያቄ በ5፣ 5 ጥያቄ በ1፣ በድምሩ 40 ያመጣል፤ ለ12 ሲካፈል 3.33 ነው። በራስ መተማመኑ 29 ለ9፣ ማለትም 3.22 ይሆናል። አግባብነቱ 4.56 ይሆናል። እርካታው ያው 5 ነው። አዘጋጁ ይህን ሲያይ "ሰዎቹ ወደውታል፣ ጠቅሟቸዋል፤ ግን ትኩረታቸውን አልያዝንም፣ አስፈራርተናቸዋል" ብሎ ይደመድምና ምንም ያልጎደለውን ሞጁል ሥዕልና ጨዋታ ይጨምርበታል። ከዚህ ለመዳን የኤክሴሉን ቀመር መጀመሪያ ሥሩና ራሳችሁ በፈጠራችሁት መልስ ፈትኑት፦ ቀጥታዎቹን 5፣ ግልባጮቹን 1 ሞልታችሁ አራቱም አማካዮች 5 ካልመጡ ቀመሩ ተሳስቷል።

ሁለተኛው የቆጠራ ስህተት ድምርን ከድምር ማወዳደር ነው። የትኩረት ጣሪያ 60፣ የእርካታ 30 ነው። አንድ ሰልጣኝ ለትኩረት 42፣ ለእርካታ 24 ቢያመጣ ትኩረቱ የበለጠ ይመስላል፤ በአማካይ ሲታይ ግን 3.5 ለ4.0 ነውና የተበለጠው ትኩረት ነው። ሁልጊዜ ለጥያቄው ብዛት አካፍላችሁ አወዳድሩ። "3.8 ጥሩ ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አትፈልጉ፤ መጠይቁ የሚለካው አንድን ሥልጠና በአንድ ጊዜ ስለሆነ ለሁሉም የሚሠራ መደበኛ ነጥብ የለውም። የምታወዳድሩት አራቱን ክፍሎች እርስ በርስ፣ ወይም የድሮውን ሞጁል ከታደሰው ጋር ነው።

የሰልጣኙ ቁጥር ትንሽ ሲሆን አማካዩም ያታልላል። 8 ሰዎች ሠልጥነው አራቱ 5፣ አራቱ 1 ቢሰጡ አማካዩ 3 ነው፤ 3 የተሰማው ሰው ግን አንድም የለም። እንዲህ ዓይነት ክፍፍል ብዙውን ጊዜ የሚነግረን አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው መሰብሰቡን ነው፦ ነገሩን ቀድሞ የሚያውቅና ፈጽሞ የማያውቅ።

ወደ ጥያቄዎቹ ይዘት ስንመጣ፣ የተጻፉት ሰው በራሱ አንብቦ ለሚማረው ጽሑፍ ነው። "ገጽ"፣ "አጻጻፍ" የሚሉ ቃላት ይበዙባቸዋል። በስላይድ ወይም በኮምፒውተር ላይ ለሚሰጥ ሥልጠና ቃላቱን መቀየር ይቻላል፤ አሰልጣኝ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚሰጠው ግን ኬለር ለዚሁ ብለው ያዘጋጁትን ባለ 34 ጥያቄ የኮርስ ፍላጎት መጠይቅ መውሰድ ይሻላል። ሲተረጎም ጥንቃቄ የሚሹ ጥያቄዎችም አሉ። 34ኛው ከትምህርቱ ጥቂት የማይባለውን መረዳት እንዳልቻለ ሰልጣኙ እንዲመሰክር ይጠይቃል። አማርኛ ላይ "መረዳት አልቻልኩም" ለሚለው ዓረፍተ ነገር "እውነት አይደለም" ብሎ መመለስ አሉታ በአሉታ ላይ ነው፤ የቸኮለ ሰው ይገለበጥበታል። "ብዙው ነገር ግራ አጋብቶኛል" ብትሉት አሉታው ይጠፋል፣ ግልባጭነቱም ይቀራል። 26ኛው ደግሞ ከትርጉም በፊት ራሱ የታመመ ነው፤ አብዛኛውን ቀድሜ ስለማውቀው ለፍላጎቴ አግባብነት አልነበረውም የሚል ሐሳብ ይዟል። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገር ታጭቋል። ሥልጠናው በሌላ ምክንያት ያልጠቀመው ሰው፣ ለምሳሌ ሥራው ከሠለጠነበት ነገር ጋር የማይገናኝ ሰው፣ ምን ብሎ ይመልስ? እኛ ብንሆን ለሁለት እንከፍለዋለን። የተከፈለውን ግን ከዋናው መጠይቅ ውጤት ጋር አንደባልቀውም።

ለሥራ ቦታ 36 ጥያቄ ይበዛል። ቀኑን ሙሉ ሠልጥኖ የደከመ ሰው ከ20ኛው በኋላ ሳያነብ አንድ ዓምድ ቁልቁል ሲያሰምር ታዩታላችሁ። ግልባጮቹ እዚህ ላይ ጥቅም አላቸው፦ ለቀጥታውም ለግልባጩም 5 የሰጠ ሰው አላነበበም፤ ቅጹን ለይታችሁ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አጭር ቅጂ አለ፤ ለአራቱ ክፍሎች ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12 ጥያቄ ብቻ ነው። የተፈተነው ሰዎች ቴክኖሎጂን በራሳቸው በሚማሩበት ሁኔታ ሲሆን ግልባጭ ጥያቄ የለውም። ለአብዛኛው የሥራ ቦታ ሥልጠና የምንመርጠው ይህን ነው። ጉድለቱ ግን መታወቅ አለበት፤ ሦስቱ የእርካታ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ደስታ ነው የሚጠይቁት። ሠራተኛ ስለ ሥልጠና ቅር የሚለው ደስ ስላላለው ብቻ አይደለም፤ ፈተናው ያልተማረውን ሲጠይቀው፣ ወይም ሲያንቀላፋ የዋለውና ተግቶ የሠራው አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ጭምር ነው። ሞዴሉ ራሱ ፍትሐዊነትን ከእርካታ ሦስት ምሰሶዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ "ፈተናው የተማርኩትን ነው የጠየቀኝ" የሚል አንድ ጥያቄ ለብቻው ጨምሩ።

ውጤቱ ከተገኘ በኋላ ምን ይደረግ? የመጋዘን ሠራተኞች የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እየሠለጠኑ ነው እንበል። የትኩረት ነጥብ ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚያጓጓው ቀለምና ድምፅ መጨመር ነው። ያ ለአፍታ ዓይን ይስባል፤ ከዚያ ይለመዳል። የሚቆየው ትኩረት ከጥያቄ የሚመጣው ነው። አግባብነት ደግሞ፣ በእኛ ዕይታ፣ የሥራ ቦታ ሥልጠና በብዛት የሚወድቅበት ቦታ ነው። ሞጁሉ "የዚህ ሥልጠና ዓላማ የሶፍትዌሩን ዋና ዋና ክፍሎች ማስተዋወቅ ነው" ብሎ ከተከፈተ ስለ ሶፍትዌሩ እንጂ ስለ ሠራተኛው ምንም አልተናገረም። በዚያ ፈንታ አንድ የዕቃ ካርድ ስክሪኑ ላይ አውጡ። ካርዱ 48 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተቆጠረው 45 ነው። "ሦስቱ የት ገቡ? በካርድ ለማግኘት ስንት ገጽ ትገልጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁና ለሁለት ደቂቃ ተዉአቸው፤ ይከራከሩ። ከዚያ የዚያኑ ዕቃ እንቅስቃሴ በሶፍትዌሩ ክፈቱና ያልተመዘገበውን ወጪ አሳዩአቸው። ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ሠራተኛው ያውቃል፤ ለምን እንደሚማር ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ይህች አንዲት አከፋፈት ትኩረትንም አግባብነትንም በአንድ ጊዜ ታነሳለች።

በራስ መተማመን ዝቅ ብሎ ከተገኘ መጀመሪያ የመጀመሪያውን መልመጃ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። 20 ዓይነት ዕቃ የያዘ ደረሰኝ አምጥታችሁ "መዝግቡ" ካላችሁ፣ ኮምፒውተር ያልለመደው ሰው በአራተኛው መስመር ላይ ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው "ይህ ለእኔ አይሆንም" የሚለውን የራሱን ድምፅ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ አስመዝግቡት። ቀጥሎ ግማሹ የተሞላ ደረሰኝ ስጡትና ይጨርሰው። ሦስተኛውን ብቻውን ይሥራ። መመዘኛውንም ከመጀመሪያው ንገሩት፦ "ሥልጠናው ሲያልቅ አምስት የገቢ ሰነድ ያለ ረዳት በ20 ደቂቃ ውስጥ ትመዘግባለህ" የሚል ግልጽ ነገር። ሲሳካለትም "ጎበዝ" ብቻ አይበቃም፤ "ኮዱን ከመመዝገብህ በፊት ከዕቃው ጋር ስላመሳከርህ ነው የተስተካከለልህ" በሉት። ሁለተኛው አነጋገር ስኬቱን ከዕድል ነጥቆ ለሰውየው እጅ ይሰጠዋል፤ ነገ ብቻውን ሲሆን የሚደግመውም ያችን ሥራ ነው።

እርካታ ላይ ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ዛሬ የሠለጠነ ሠራተኛ ነገ ጠዋት ሶፍትዌሩን ካገኘ የተማረው ራሱ ይክሰዋል። ሶፍትዌሩ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚገባ ከሆነ ሥልጠናውን ማዘግየት ይሻላል። ሽልማት ለመጨመር ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እ.ኤ.አ. በ1971 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ ባደረጉት ሙከራ፣ እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በነጻ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት በሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ፦ ሽልማት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው የሣሉት ልጆች በኋላ ላይ የሥዕል ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሰባቸውም። ስለዚህ ሰው በፍላጎቱ በሚሠራው ነገር ላይ "ይህን ከጨረስክ ይህን ታገኛለህ" አትበሉ። ሽልማት ካለ ለመገኘት ሳይሆን ለጥሩ ሥራ ይሁን፣ ከሥራውም በኋላ ይምጣ።

አንድ ነገር ግን መጠይቁ አይነግራችሁም፤ ተነሳሽነት ሲበዛም ችግር መሆኑን። የተነሳሽነትና የሥራ ውጤት ግንኙነት የተገለበጠ ዩ ቅርጽ አለው፤ ከመካከለኛው አልፎ ሲወጣ ውጤቱ መውረድ ይጀምራል። ፈተናውን ካላለፈ ሥራውን እንደሚያጣ የተነገረው ሰው ትኩረቱም አግባብነቱም ከፍተኛ ይሆናል፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። በራስ መተማመን አማካዩ 5 ሆኖ የተግባር ፈተናው ከወደቀ ደግሞ ሞጁሉ ሰዎችን ሸንግሏል ማለት ነው፤ መልመጃዎቹ ከእውነተኛው ሥራ ቀልለዋል። ለዚህ ነው ነጥቡን ሁልጊዜ ከተግባር ፈተና ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ማንበብ ያለባችሁ። የኬለር ሙሉ የንድፍ ሂደት 10 ደረጃዎች አሉት፤ ለአንድ ቀን ሥልጠና ይከብዳል። በዚያ ፈንታ በአንድ ገጽ ላይ አራቱን ክፍሎች በአግድም፣ ሰልጣኞቹን፣ የሚማሩትን ሥራና የሚማሩበትን መንገድ በቁመት ጽፋችሁ በየሳጥኑ ተነሳሽነቱን የሚያግዝ ከሆነ የመደመር፣ የሚጎዳ ከሆነ የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ዘዴ የምትጨምሩት የመቀነስ ምልክት ያለበት ሳጥን ላይ ብቻ ነው። ልቡ የተነሳሳን ሰው በማነቃቂያ ጨዋታ ማቆየት ያናድደዋል።

የሞዴሉ ትልቁ ጉድለት የግድ ለሚሰጥ ሥልጠና የሚለው ነገር ማነሱ ነው። ዴሲና ባልደረባቸው ሪቻርድ ራየን በራስ የመወሰን ንድፈ ሐሳባቸው ሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶች ያስቀምጣሉ፦ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ ብቁ መሆንና ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ከእነዚህ ውስጥ ብቁ መሆን ከበራስ መተማመን ጋር ይቀራረባል፤ ሌሎቹ ሁለቱ አራቱ ዓምዶች ውስጥ ተበታትነው ካልሆነ የራሳቸው ቦታ የላቸውም። ሠራተኛ ተገዶ በሚገባበት የደህንነት ወይም የአሠራር ለውጥ ሥልጠና ግን ቁልፉ እዚያ ነው። ይዘቱን ማስመረጥ ባይቻል ቅደም ተከተሉን፣ የሚለማመድበትን ምሳሌ ወይም አብሮት የሚሠራውን ባልደረባ አስመርጡት። ኬለር በኋላ ላይ ፈቃደ ልቦናን አምስተኛ አድርገው መጨመራቸውም ተገቢ ነው፤ የተነሳሳ ሰው ሁሉ ያሰበውን አይፈጽምምና። ሥልጠናው ሊያበቃ ሲል ሰልጣኙ "ዕቃ ሲገባ፣ መኪናው ሳይወጣ እመዘግባለሁ" የሚል ጊዜና ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ ቢጽፍ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉን ያሰፋዋል።

ቅጹን የምስክር ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት፣ ስም ሳይጻፍበት፣ አሰልጣኙ ከክፍሉ ወጥቶ አስሞሉት። ከ12ቱም ሆነ ከ36ቱ በታች አንድ ክፍት ጥያቄ ጻፉ፦ "ማቆም ያሰኘዎት የት ላይ ነበር?" መልሱን በስላይድ ቁጥር ወይም በመልመጃ ስም እንዲያመለክቱ ጠይቁ። የሦስት ሰው ጣት አንድ መልመጃ ላይ ካረፈ፣ እድሳቱን ከዚያ ጀምሩ።